ባሕሩ ሲሸሽ የሚታየው ጅቡቲ

ጅቡቲ ከተማን የሚያውቃት ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃት በሁለት በኩል ነው፤ በወደቧና በሙቀቷ። ሾፌሩ ስለ ኮንቴይነር ወረፋ ይተርካል። ነጋዴው ስለ ጉምሩክ ያወራል። ለሥራ ሄዶ የተመለሰው ደግሞ በሐምሌ ወር ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣው ሙቀትና አቧራ አዝሎ ስለሚመጣው የኀምሲን ነፋስ ይናገራል። ባሕሩ በዚህ ሁሉ ትረካ ውስጥ ከኋላ እንደተሰቀለ መጋረጃ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል እንጂ አይነበብም። ይሁን እንጂ ይህ ባሕር በየዕለቱ እየሞላ የሚሸሽ ባሕር ነው። በሚሸሽበት ሰዓት ከተማዋን ከብበው የሚጋለጡት ሰፋፊ የጭቃ ሜዳዎች፣ በላያቸው የሚርመሰመሱት ሸርጣኖችና በረጃጅም እግሮቻቸው የሚለቃቅሙት ወፎች ሦስተኛዋን ጅቡቲ ይሠራሉ። ይህችን ሦስተኛ ከተማ የሚያያት ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፤ አንድ ከተማ ረግረጉን ለነዋሪውና ለእንግዳው እንዴት ያሳያል? በእግር፣ በቀላሉ፣ ማንንም ሳያስቀር ለማሳየትስ ምን ያስፈልገዋል?

የከተማዋን ስሞች ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ይረዳል። ጅቡቲ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተቆረቆረችው ከባሕሩ ብቅ ባሉ የዛጎል ድንጋይ አምባዎች ላይ ነው። ፈረንሳዮቹ አንዱን የእባብ አምባ፣ ሌላውን ማራቡ፣ ሦስተኛውን ኤሮን ብለው ጠሯቸው። ኤሮን ሳቢሳ ማለት ነው፤ በጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሞ ዓሣ የሚጠብቀው ያ ታጋሽ ወፍ። ማራቡ በፈረንሳይኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ የእስልምና ባሕታዊ ወይም ቅዱስ ሰው ማለት ነው፣ የሐዋሳ ሰው አባ ኮዳ የሚለው ትልቅ ወፍም ማራቡ ይባላል። ለሰፈሩ ስም የሆነው የትኛው እንደሆነ መከራከር ይቻላል። የማያከራክረው ግን በእነዚህ አምባዎች መካከል የነበረው ጨዋማ ረግረግ በድንጋይና በአፈር እየተደለደለ፣ አምባዎቹ በመንገድ እየተያያዙ አንድ ከተማ መሆናቸው ነው። ማራቡ ዛሬ የድሮው ወደብ አካል ነው። ኤሮን ኤምባሲዎችና የተዋቡ መኖሪያ ቤቶች የሚታዩበት ሰፈር ሆኗል። ሳቢሳው ስሙን ለሰፈሩ ትቶ ወደ ዳር ወጥቷል።

ወደ ዳር ማለት በተለይ ወደ ሐራሙስ ማለት ነው። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጀምሮ እስከ ሶማሊያ ድንበር፣ እስከ ሎያዳ የሚዘረጋው የባሕር ዳርቻ በ2002 እ.ኤ.አ. በራምሳር ስምምነት መዝገብ ላይ የሠፈረ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረግ ነው፤ ስፋቱ 3000 ሄክታር (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1971 ኢራን ውስጥ በራምሳር ከተማ የተፈረመው ይህ ስምምነት ረግረግ የሚለውን ቃል አስፍቶ ነው የሚተረጉመው፤ የወንዝ ዳር ጭቃንም፣ የጨው ሐይቅንም፣ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠውን ሜዳም ይጨምራል። በሐራሙስ የሚበቅለው ዋነኛ ዛፍ አቪሴኒያ የሚባለው የማንግሮቭ ዓይነት ነው። ይህ ዛፍ በጨው ውኃ ውስጥ የመኖርን ጥበብ በሁለት መንገድ ተምሯል። ጨውን በቅጠሎቹ ያላብና ያወጣል፤ ቅጠሉን በምላሱ የነካ ሰው ጨውነቱን ይቀምሳል። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ እንዳይታፈን ደግሞ ከሥሮቹ ወደ ላይ እንደ ጣት የቀጠኑ መተንፈሻዎችን ያበቅላል። ባሕሩ ሲሸሽ በሺዎች የሚቆጠሩ እነዚህ ጣቶች ጭቃውን ቀዳደው ይታያሉ። ግመሎች ቅጠሉን ይወዱታል፤ የጅቡቲ ማንግሮቭ ከግመል ጥርስ ጋር የኖረ ደን ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥፍራ በእግር ለመጎብኘት የሰው ልጅ ካበጃቸው ነገሮች ሁሉ ቀላሉና ብልኁ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ የጣውላ መረማመጃ ነው። ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባን ክረምት ያሳለፈ ሰው ከበሩ እስከ አስፋልቱ ባለው ጭቃ ላይ ድንጋይና ጣውላ ጥሎ መረማመድን ያውቃል። ልዩነቱ የዓላማ ነው። የክረምቱ ጣውላ ጭቃውን ለማምለጥ ነው የሚጣለው፤ የረግረጉ ጣውላ ግን ሰውን ወደ ጭቃው ውስጥ ያስገባዋል። አንዱ ዓይንን ወደ መድረሻው ያሮጣል፣ ሌላው ዓይንን ወደ እግር ሥር ይመልሳል። ጥሩ መረማመጃ ላይ የቆመ ሰው በሕይወቱ ተጸይፎ ያለፈውን ነገር ከአንድ ክንድ ርቀት ያየዋል፤ ጎርምጦ ጭቃ የሚያጎርሰውን ሸርጣን፣ በደረቱ ተንፏቆ በመሬት ላይ የሚዘለውን ዓሣ።

በዚህ ዓይነት መረማመጃዎች ዙሪያ የሚጻፉ የጉብኝት መግለጫዎች አንድ ቃል ይደጋግማሉ፤ «ቀላል»። ቃሉ በጥርጣሬ መታየት አለበት። ቀላል ለማን? ለሃያ ዓመት ወጣት ሁሉም መንገድ ቀላል ነው። የቀላልነት መመዘኛ በዱላ የሚሄዱት አዛውንት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ሰው፣ ሕፃን አዝላ ሌላ ሕፃን በእጇ የያዘች እናት እና በነጭ በትር የሚመራው ዓይነ ስውር ናቸው። ለእነርሱ ሲባል የተቀመሩ ልኮች አሉ፤ ልኮቹም ተራ የምሕንድስና ቁጥሮች መስለው የሚታዩ፣ ነገር ግን የሥነ ምግባር ውሳኔዎች ናቸው። ዳገቱ 1 ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ይሻል፤ ከዚያ የቆመ ከሆነ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሁለት ወንበሮች ሳይጋፉ እንዲተላለፉ 1.80 ሜትር ገደማ ስፋት ያስፈልጋል። በጣውላና በጣውላ መካከል የሚተወው ክፍተት 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከዚያ የሰፋ ከሆነ የዱላው ጫፍ ይገባበታል። ጣውላዎቹም በጉዞው አቅጣጫ ሳይሆን አግድም መነጠፍ አለባቸው፤ በርዝመት የተነጠፈ ጣውላ የወንበሩን ጎማ እንደ ሐዲድ ይይዘዋል። ለዓይነ ስውሩ ደግሞ ከዳር ዝቅ ያለ ከንፈር መሰል ጠርዝ ይበጅለታል፤ በትሩ ጠርዙን ሲነካ የመንገዱን ፍጻሜ ይነግረዋል። ከዚህ ሁሉ አንዱ ቢጎድል መንገዱ «ቀላል» የሚለውን ስም መሸከም አይገባውም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2010፣ ጅቡቲ ደግሞ በ2012 ተቀብለዋል። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅም (አዋጅ ቁጥር 624/2001) ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። አዋጁ ስለ ሕንፃ ይናገራል፤ ስለ ረግረግ የሚናገር ግን የለም፤ ተፈጥሮን ማየት እንደ መብት ሳይሆን እንደ ቅንጦት ስለሚቆጠር ሊሆን ይችላል።

የጣውላ መረማመጃ እንደ ማንኛውም ሥራ የሠሪውን ጠባይ ያሳያል። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከሞምባሳ በስተደቡብ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በጋዚ መንደር ሴቶች ተደራጅተው የሚያስተዳድሩት የማንግሮቭ መረማመጃ አለ። ርዝመቱ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ጎብኚው ሲጨርስ ሴቶቹ የስዋሂሊ ምግብ ያቀርቡለታል፤ ገቢውም ለመንደሩ ልጆች ትምህርትና ለመሰል ጉዳይ ይውላል። በዚያው መንደር ከ2013 ጀምሮ ሚኮኮ ፓሞጃ በሚባል ማኅበር 117 ሄክታር ማንግሮቭ ተጠብቆ የካርቦን ሽያጭ ይካሄድበታል። በምዕራብ ዩጋንዳ፣ በኪባሌ ደን ጥግ የሚገኘው የቢጎዲ ረግረግም በ1992 በተቋቋመ የመንደር ማኅበር ነው የሚጎበኘው። በአንጻሩ አቡ ዳቢ በ2020 የከፈተችው የጁበይል ማንግሮቭ ፓርክ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ፣ ሽቅብና ቁልቁል የሌለው፣ እንደ ሐር የለሰለሰ መንገድ አለው። በቀላልነት የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ጎብኚው ግን ማንግሮቩ የማን እንደሆነና ከዚህ በፊት ማን ይኖርበት እንደነበር ሳያውቅ ገብቶ ይወጣል። በጋዚ ጣውላው ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ የሚያስጎበኘው ሰው ግን ዛፉን በስሙ ያውቀዋል። የሚፈለገው የጁበይል ወለልና የጋዚ አንደበት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት የሚከብደው ወለሉን የሚሠራው ገንዘብ አንደበቱን ብዙ ጊዜ ከመንደር ስለማይቀጥር ነው።

ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ፣ የከተማዋ ታዋቂ የእግር መንገዶች የሚነግሩት ነገር አለ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ወደ ኤስካል ይወጣል፤ ጀልባዎች ወደ ሙሻ ደሴት የሚነሡበት፣ ግራና ቀኙ ውኃ የሆነ መንገድ ነው። የሥፍራው ውበት አይካድም። ነገር ግን ኤስካል የሞላ ባሕር መንገድ ነው፤ ዓይን ወደ ጀልባና ወደ አድማስ ይሄዳል፤ ውኃው ሲሸሽ ሰው እንደ ጎደለ ነገር ቆጥሮት ፊቱን ያዞራል። በምሥራቅ በኩል የሚያልፈው የቬኒስ መንገድ ደግሞ ለወፍ ተመልካች ከከተማዋ ሁሉ የተሻለው ሥፍራ ነው። ባሕሩ በሸሸ ሰዓት ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሸሹ ወፎች እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ይመጣሉ፤ ሸርጣን በላው ነጭና ጥቁር ወፍም፣ ፍላሚንጎም ይታያሉ። የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ቅርብ ነው፤ ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ አሞሮችና ጭልፊቶች በመጸው ወራት በብዛት የሚያልፉት በዚያ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት ግን ተመልካቹ የመኪናው ጭስ በጀርባው እየመጣ በመንገድ ዳር መቆም አለበት። መንገዱ የተሠራው ለሚያልፍ ነው። ለሚቆም ሰው ወንበር፣ ጥላ፣ የውኃ ቧንቧ አላሰበም። ጭቃውም በዚያ በኩል እንደ ማንም ያልሆነ ነገር ፕላስቲክ ይጣልበታል።

በዚህ ላይ ተመልካቹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ትችቱን በሌላው ላይ ብቻ ማድረግ አይችልም። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ እጅግ የሚበዛው፣ እንደሚነገረውም 90 በመቶ ገደማው፣ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ነው። አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው ያላት አገር ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ጎረቤት በር ስትሆን በሩ መስፋት አለበት። የዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል በ2009 ተከፈተ፤ ሁለገቡ የዶራሌ ወደብ በ2017 ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጅቡቲ በኩል ሥራውን አስመረቀ። እያንዳንዱ መስፋፋት ጠረፉን ይነካል፤ ጥልቀት ለሌለው ውኃ የሚቆፈር ሰርጥ፣ ለመጋዘን የሚደለደል ጭቃ አለው። ዘይቱ፣ ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ መኪናው ኢትዮጵያ የሚደርሰው የአንድን ሳቢሳ መቆሚያ አልፎ ነው። ይህን መናገር ወደቡ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ዕዳው ማን ዘንድ እንዳለ ማወቅ ነው። ታሪኩ የሚያስገርም ገጽታም አለው፤ አዋሽ ወንዝ ከ1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ይሰጥማል። የኢትዮጵያ ውኃ ወደ ባሕሩ መንገድ አጣ፤ ጭነቱ ግን አገኘ። አቤ ሐይቅ ራሱም ለመስኖ በሚጠለፈው ውኃ ምክንያት ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ጠቧል።

የረግረግ ንቀት ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። በአማርኛ «ረግረግ ውስጥ ገባ» ሲባል መውጫ የሌለው ችግር ማለት ነው፤ ረግረግ የወባ፣ የጭቃና የጠፋ ከብት ሥፍራ ነው። ይሁን እንጂ ቡና በሚፈላበት ቤት ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ቀጤማ የረግረግ ልጅ ነው። የጣናን ታንኳ የሚሠራው ደንገልም የረግረግ ነው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥበቃ ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ከተጠቀሱት ሀብቶቹ አንዱ እነዚሁ የዳርቻ ረግረጎች ነበሩ፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2011 ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታይቶ ነበር። በምሥራቅ በኩል የሐሮማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ መድረቁን የጅቡቲ መንገደኞች በዓይናቸው ያዩት ነው። ሐዋሳ ላይ በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳ በሰው መካከል እየተራመደ የሚጠብቀው ትዕይንት ለብዙ ዓመታት ማንም «የረግረግ ጉብኝት» ሳይለው ሕፃንና ሽማግሌ በነጻ ያየው ነው። ምናልባት በኢትዮጵያ ከታዩት የረግረግ ጉብኝቶች ሁሉ ቀላሉ እርሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህም የሆነው በዕቅድ ሳይሆን በዓሣው አንጀት ምክንያት ነው!

በሐራሙስ የጣውላ መረማመጃ ይሠራ የሚል ሰው መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። የመጀመሪያው የሙቀት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም በቀትር በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው የለም፤ ስለዚህ መረማመጃው የጥዋትና የምሽት ሥራ ነው፣ ጥላውም የግድ ነው። ሁለተኛው የእንጨቱ ዕድሜ ነው። ጨው ብረቱን ይበላዋል፤ በባሕር ውኃ ውስጥ እንጨት የሚቦረቡር ትል ምሰሶውን ይበላዋል። በሌሎች አገሮች ከተጣለ ፕላስቲክ ተቀጥቅጦ የተሠራ ጣውላ የሚነጠፈው ለዚህ ነው፤ የቬኒስ መንገድን ዳርቻ ላየ ሰው ጥሬ ዕቃው ሩቅ አይደለም። ሦስተኛው ከሁለቱ ይከብዳል። ረግረጉ ባዶ አይደለም፤ ግመሉን የሚያሰማራው እረኛ፣ ሸርጣን የሚለቅመው ልጅ፣ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ቀድመው ያሉበት ነው። መረማመጃ አጥር ይዞ ከመጣ፣ ትኬት የሚቆርጠው በር እረኛውን ከውጭ የሚያስቀር ከሆነ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የተከፈተው መንገድ ለግመሉ ተዘጋ ማለት ነው። የግመሉ ነገር ቀልድ አይደለም፤ ልጓም የሌለው ግጦሽ የማንግሮቩን ቡቃያ እንደሚያጠፋው ሁሉ፣ እረኛውን ያባረረ ጥበቃም ጠባቂውን ያጣል። ይህን ጉዳይ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚፈታ መሐንዲስ የለም፤ ከእረኞቹ ጋር በጭቃው ዳር መነጋገር ይጠይቃል።

የመረማመጃው መነሻም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ከኤሮን ወይም ከኤምባሲዎቹ በኩል ቢጀምር ለማን እንደተሠራ አስቀድሞ ተናገረ ማለት ነው። የከተማዋ ሰፊ ሕዝብ የሚኖረው ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ በባልባላ ነው። አምቡሊ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዓመታዊ ዝናቡ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ አገር ሌላ ሊሆን አይችልም። ሲመጣ ግን በአንድ ሌሊት ይመጣል። በኅዳር 1994፣ በሚያዝያ 2004 እና በኅዳር 2019 የደረሱት ጎርፎች ሰው ገድለው ቤት ወስደዋል። ያ ጎርፍ የሚጠርገው ደለል ወደ ባሕሩ ወርዶ የጭቃውን ሜዳ ይሠራል፤ ሜዳውና ማንግሮቩ ደግሞ የባሕሩን ማዕበል ኃይል ያበርዳሉ። ከባልባላ በኩል በአምቡሊ አፍ ጀምሮ ወደ ሐራሙስ የሚወርድ መንገድ ቢኖር የሚሄድበት ሰው ቤቱን የወሰደው ውኃ የት እንደደረሰና ምን እንደሠራ ያያል።

ጽሑፉም ይታሰብ። በሥፍራው የሚቆመው ሰሌዳ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ብቻ ቢጻፍ የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ይሆናል። ሶማሊኛና አፋርኛ የእረኛውና የዓሣ አጥማጁ ቋንቋዎች ናቸው፤ የወፎቹና የዛፎቹ ስሞችም ያሉት በእነርሱ ዘንድ ነው። በአማርኛ አንድ መስመር ቢጨመርበት ደግሞ አይበዛም፤ የጭነት መኪናውን አቁሞ ተራውን ሲጠብቅ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያድረው ሾፌር በዚያች ከተማ ከወደቡ ውጪ የሚሄድበት ቦታ ያጣ ሰው ነው። ከሰሌዳው ሥር ግን ከሁሉም ቋንቋ በፊት መለጠፍ ያለበት የዕለቱ የባሕር ሰዓት ነው፤ በስንት ሰዓት እንደሚሞላና በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ። በሞላ ሰዓት የመጣ ጎብኚ ውኃ ብቻ አይቶ ይመለሳል።